ቴሌግራምን የሚተካ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ በስልክም በኮምፒውተርም የሚሠራ የመልዕክት አፕ የትኛው ነው?

መቅደስ_ት

ጤና ይስጥልን። 14 ሰዎች ያሉበት የትርጉምና የአርትዖት ቡድን የሚጠቀምበት አፕ እየመረጥን ነው። አባላቱ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ዱባይና ሜሪላንድ ናቸው። እስከ ዛሬ ሥራው ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። አሁን ግን ደንበኞች «ሰነዱ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም ሊያነበው በማይችልበት መንገድ ይላክ» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ እያስገቡ ነው።

ኮዱ ክፍት እንዲሆን እንፈልጋለን። አንድሮይድ፣ አይፎን፣ ዊንዶውስና ኡቡንቱ ላይ መሥራት አለበት። እስከ 60 ሜጋባይት የሚደርስ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ማሳለፍ አለበት። ስልክ ቢጠፋ ወይም ላፕቶፕ ፎርማት ቢደረግ የቆየው መልዕክት አብሮ እንዳይጠፋብን እንፈልጋለን። የዱባይዋ ባልደረባችን ስልክ ቁጥሯ ለሌሎቹ እንዲታይ አትፈልግም። አንዱ ባልደረባችን ደግሞ ያለው ተራ ቀፎ ብቻ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በኡቡንቱ ላፕቶፕ ነው። ሰርቨር ማስተዳደር የሚችል አንድ ሰው አለን፣ እሱም ጊዜ የለውም።

ሲግናል፣ ኤለመንት፣ ዴልታ ቻት፣ ኮንቨርሴሽንስ ሲባል ሰምተናል። የቱ ነው ውኃ የሚያነሳው?

ሊኑክስ_ሰፈር

ደንበኞቻችሁ ልክ ናቸው። የቴሌግራም አፖች ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ሰርቨሩ ግን ዝግ ነው። ተራው ቻትና ማንኛውም ግሩፕ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ (መፍቻው ላኪውና ተቀባዩ እጅ ብቻ ሆኖ) የተመሰጠረ አይደለም፣ ሰርቨሩ ላይ የሚነበብ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ምስጢራዊ ቻት የሚባለው ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ ባለው ቴሌግራም ዴስክቶፕም አይከፈትም። ስለዚህ ያ የውል አንቀጽ በቴሌግራም ግሩፕ ሊከበር አይችልም።

ለናንተ ሲግናል ነው የምለው። የአፖቹም የሰርቨሩም ኮድ ክፍት ነው፣ ፈቃዱ ኤጂፒኤል 3 የሚባለው የክፍት ኮድ ፈቃድ ነው። ግሩፑም ጥሪውም ፋይሉም ማንም ምንም ሳይነካ በነባሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጠራል። ፋይል እስከ 100 ሜጋባይት ይቀበላል፣ ግሩፕ እስከ 1000 ሰው ይይዛል። ለናንተ ይበቃል።

የዱባይዋ ባልደረባችሁ ጉዳይ እዳው ገብስ ነው። ለመመዝገብ ስልክ ቁጥር ግዴታ ነው፣ ለመታየት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ሲግናል የተጠቃሚ ስም አለው። ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቨሲ፣ ከዚያ ፎን ነምበር ትገባለች። «ቁጥሬን ማን ያያል» የሚለውን «ማንም» ታደርጋለች፣ «በቁጥሬ ማን ያገኘኛል» የሚለውንም እንደዚያው። ከዚያ ፕሮፋይሏ ላይ የተጠቃሚ ስም ታወጣለች፤ ስሙ መጨረሻው ላይ ቁጥር ይኖረዋል። አንድ ነገር ግን ትወቅ፦ ቁጥሯን ቀድሞ ስልኩ ላይ የመዘገበ ሰው ማየቱን ይቀጥላል። ለሌላው ግሩፑ ውስጥ የሚታየው የፕሮፋይል ስሟ ብቻ ነው።

ሰው ግሩፑ ውስጥ ስታስገቢ አንድ በአንድ ከመጨመር የግሩፕ ሊንክ አውጪና «በአድሚን ይጽደቅ» የሚለውን አብሪው። ሊንኩ እጅ በእጅ ዞሮ የማይታወቅ ሰው ጋ ቢደርስ እንኳ በሩ ላይ ይቆማል።

ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ከስልኩ ጋር በኪው አር ኮድ ተያይዞ ነው። አንድ ስልክ እስከ 5 መሣሪያ ያያይዛል፤ ከተያያዘ በኋላ ስልኩ ቢጠፋም ኮምፒውተሩ ለብቻው ይልካል፣ ይቀበላል። አዲስ ኮምፒውተር ሲያያዝ «የቆየውን ላስተላልፍ ወይ» ብሎ ይጠይቃል። እሺ ከተባለ ጽሑፉን በሙሉ፣ የመጨረሻዎቹን 45 ቀናት ፎቶና ፋይል ደግሞ አብሮ ያወርዳል። ያን ጥያቄ አንድ ጊዜ አልፈሽው ከሄድሽ መልሰሽ ማግኘት የምትችዪው አላቅቀሽ እንደገና ስታያይዢ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያመልጠው።

ኡቡንቱ ላይ የሲግናልን የራሱን የኤፒቲ (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) ማከማቻ ተጠቀሙ። የስናፕና የፍላትፓክ ጥቅሎቹን የሚያዘጋጁት ሌሎች ናቸው፣ የሲግናል አይደሉም። ዊንዶውሱ 64 ቢት መሆን አለበት፤ አንዳንድ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ 32 ቢት ተጭኖ ታገኛላችሁ፣ እዚያ አይገባም።

ፒንግ

ሲግናል ጥሩ ነው፣ ነገር ግን «የሚታመን» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ይለይ። ምስጠራው ይታመናል። ሰርቨሩ ግን አንድ ድርጅት እጅ ላይ ያለ አንድ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2025 የአማዞን ክላውድ ሲወድቅ ሲግናልም አብሮ ወድቋል። ኮዱ ክፍት ነው ሲባልም፣ ከ2020 እስከ 2021 ባለው አንድ ዓመት ገደማ የሰርቨሩ ኮድ ሕዝብ ፊት ሳይታደስ ቆይቷል። በኋላ ወጣ፣ እሺ። ክፍት ኮድ ማለት ሰርቨሩ ላይ የሚሮጠው እሱ ነው የሚል ማረጋገጫ ግን አይደለም። የሚያድነው ምስጠራው ስልክሽ ላይ መሆኑ ነው፣ የስልኩን ኮድ ደግሞ ማየት ይቻላል።

ሌላው ደግሞ ሥሪቱ ዕድሜ አለው። ከወጣ 90 ቀን ያለፈው የሲግናል ሥሪት መላክ ያቆማል። ዳታ ለመቆጠብ ሲባል አፕዴት የተዘጋበት ላፕቶፕ አንድ ቀን ጠዋት «ጊዜው አልፏል» ይልሻል። ያ ጠዋት ደግሞ ሁሌም ሥራ የሚረከብበት ቀን ነው።

ቻትን እንደ መዝገብ ቤት ለሚጠቀም ቡድን የተሠራው ማትሪክስ የሚባለው የመልዕክት ሥርዓት ነው፣ አፑ ኤለመንት ይባላል። አካውንቱ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይበቃል። ስለዚህ የባለ ቀፎው ችግር ከነጭራሹ አይኖርም። የቆየው መልዕክት ሰርቨሩ ላይ ተመስጥሮ ይቀመጣል፣ መፍቻ ቁልፎቹም በማገገሚያ ቁልፍ ተቆልፈው እዚያው ይቀመጣሉ። ላፕቶፑ ፎርማት ቢደረግ ገብተሽ ያን ቁልፍ ማስገባት ነው፣ ሁሉም ይመለሳል። ቁልፉ በአራት በአራት ፊደል የተከፈለ 48 ፊደል ነው። ወረቀት ላይ ይጻፍ። ያልጻፈ ሰው የሚያየው «መልዕክቱን መፍታት አልተቻለም» የሚል ረድፍ ብቻ ነው፣ አድሚኑም ሊረዳው አይችልም።

ጋሽ_ዋየርማን

ፒንግ የነገርካት እውነት ነው፣ የሰርቨሩን ሥራ ግን ዘለልከው። ልጄ መቅደስ፣ ጊዜ የሌለው ሰው ሰርቨር ከተሸከመ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ሲናፕስ የሚባለው የማትሪክስ ሰርቨር ለ14 ሰው ብዙ አይጠይቅም። ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር ካልተገናኘ 2 ጊጋባይት ራም ያለው ኪራይ ሰርቨር ይበቃዋል። ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ነው፦

የሰርቨሩ ስም አንዴ ከተሰጠ አይቀየርም። የእያንዳንዱ ሰው አካውንት በዚያ ስም ነው የሚያልቀው። በሙከራ ዶሜን ጀምሮ በኋላ ወደ ዋናው ላዛውረው ማለት ከዜሮ መጀመር ነው።

ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ይሁን፤ ከሲናፕስ ጋር የሚመጣው ኤስኪውላይት ለሙከራ ነው። ፖስትግሬሱ ሲፈጠር ደግሞ የፊደል አደራደሩ «ሲ» በሚባለው ካልሆነ ሲናፕስ አልነሳም ይላል።

ፋይል የመጫን ገደቡ በነባሪው 50 ሜጋባይት ነው፣ የእናንተ 60 ስለሆነ 100 ይደረግ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳተው ከፊቱ ቆሞ ግንኙነቱን ተቀብሎ የሚያሳልፈውን ኤንጂንኤክስ የሚባል ፕሮግራም ነው። እሱ ራሱ በነባሪው ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። ጽሑፉ ይሄዳል፣ ትንሽ ፎቶ ይሄዳል፣ ፒዲኤፉ ግን 413 የሚል ስህተት ይዞ ይመለሳል፤ ሰው ደግሞ ሲናፕስን ሲወቅስ ያድራል። ሁለቱም ቦታ ይስተካከል።

ባክአፕ ማለት ዳታቤዙ ብቻ አይደለም። የፋይሎቹ ፎልደርና የሰርቨሩ የፊርማ ቁልፍ አብረው ካልተቀመጡ የሚመለሰው ግማሹ ነው።

ደግሞ ማትሪክስ የማይመሰጥረው ነገር አለ። የክፍሉ ስም፣ ማን አባል እንደሆነ፣ የሚለጠፈው የአውራ ጣት ምልክት ሳይቀር ሰርቨሩ ላይ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ የክፍሉን ስም በደንበኛው ስም አትሰይሙት።

የኔ ምርጫ ሌላ ነው፣ ኤክስኤምፒፒ የሚባለው የመልዕክት ሥርዓት። ጃበር እየተባለ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው፣ የቀጠነ ኔትወርክ ላይ እንደሱ የሚጸና አላየሁም። ፕሮሶዲ የሚባለው ሰርቨር ለናንተ ቁጥር በ512 ሜጋባይት ራም ዘና ብሎ ይሠራል። አንድሮይድ ላይ ኮንቨርሴሽንስ፣ አይፎንና ማክ ላይ ሞናል፣ ዊንዶውስ ላይ ጋጂም፣ ኡቡንቱ ላይ ዲኖ ወይም ጋጂም። ኮንቨርሴሽንስ ፕሌይ ስቶር ላይ ይሸጣል፣ ኤፍ ድሮይድ በሚባለው የክፍት ኮድ አፖች መደብር ላይ ያው አፕ በነጻ ነው።

ነባሪው ላይ የሚቀየሩ ነገሮች አሉ። ፕሮሶዲ መልዕክት የሚያስቀምጠው ለአንድ ሳምንት ነው፤ ፋይልም ከ10 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፣ የተቀበለውንም ከሳምንት በኋላ ያጠፋል። ሁለቱን አስረዝሙ። ፋይል የሚጫነው በ5281 ወደብ (ፖርት) ነው፣ ብዙ የቢሮና የሆቴል ኔትወርክ ደግሞ ይህን ወደብ ይዘጋዋል፤ በኤንጂንኤክስ አድርጎ በ443 ማውጣት ነው። ግሩፑ «ለአባላት ብቻ» እና «አድራሻ የሚታይበት» ካልሆነ ኦሜሞ የተባለው ምስጠራ አይበራም። የሰርቨሩ ማንነት ማረጋገጫ ሰርተፊኬት በ90 ቀን ይታደሳል፤ የታደሰውን ፕሮሶዲ እንዲያነበው የሚያዝ መስመር ካልተጨመረ ዲስኩ ላይ አዲስ ሰርተፊኬት ተቀምጦ ሰርቨሩ አሮጌውን ሲያሳይ ይቆይና አንድ ቀን ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ይወጣል።

ፒንግ

ጋሼ፣ ሁሉንም ተናግረው አንዷን ተዉአት። በኦሜሞ መልዕክት የሚመሰጠረው በተላከበት ሰዓት ላሉት መሣሪያዎች ብቻ ነው። ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ ቢገባ ሰርቨሩ ላይ ያለውን የቆየ መልዕክት ያወርደዋል፣ ማንበብ ግን አይችልም። መቅደስ የጠየቀችው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ጋሽ_ዋየርማን

ልክ ነህ። ኮንቨርሴሽንስ የራሱ ባክአፕ አለው፣ ቁልፎቹንም ይዞ ይመለሳል። ግን በእጅ የሚወሰድ ወይም ቀጠሮ የሚያዝለት ነው፣ የጋጂምን አይሸፍንም። ለእነሱ አይሆንም፣ ምርጫዬን ትቼዋለሁ።

አዜብ_ዳታ

ዴልታ ቻትን ከመላሾቹ ማንም አላነሳውም። ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፣ ሰርቨር አይጠይቅም፣ ኢሜይል እንኳ ማስገባት አያስፈልግም። አፑን ከፍተሽ ስም ጽፈሽ «ፕሮፋይል ፍጠር» ስትዪ ቻትሜይል በሚባሉት ሰርቨሮች ላይ አድራሻ ራሱ ይከፍትልሻል። አንድሮይድ፣ አይፎን፣ ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ፣ ሁሉም ላይ አለ። እንደ ሲግናል «ዋና ስልክ» የሚባል ነገር የለውም፣ ላፕቶፕ ላይ ብቻ መክፈት ይቻላል። ለባለ ቀፎው ሰው የተሠራ ነው የሚመስለው።

ሁለተኛ መሣሪያ ሲጨመር የቆየውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፣ ግን ሁለቱም መሣሪያዎች አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ኪው አር ኮዱ ተነቦ ዝውውሩ ካልጀመረ፣ የዋይፋዩ ራውተር የተገናኙትን ሰዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ዘግቷል ማለት ነው፤ የካፌና የእንግዳ ዋይፋይ ላይ የተለመደ ነው። መፍትሔው የአንዱን ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ሌላውን በሱ ማገናኘት ነው። አይፎን ከሆነ «የአካባቢ ኔትወርክ» የሚለው ፈቃድ መሰጠት አለበት፣ ቪፒኤን ካለም ለጊዜው ይጥፋ።

አሁን መጥፎው፦ 60 ሜጋባይቱ አይሄድም። የቻትሜይል ሰርቨር በነባሪው ከ30 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም። ከታች ያለው መንገድ ኢሜይል ስለሆነ ፋይሉ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር በሲሶ ያህል ያብጣል። ስለዚህ በተግባር 22 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ነው የሚቆመው። ሰርቨሩም ደብዳቤውን ለ20 ቀን ነው የሚይዘው፣ ትልልቁን ደግሞ ለ7 ቀን ብቻ። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ መሣሪያ መሐል ላይ የተላከውን አያገኝም። ግሩፑም አድሚን የለውም፤ ማንኛውም አባል ሰው ማስገባትም ማስወጣትም ይችላል። 14 ሰው ከተማመነ ችግር የለውም።

ስካኑን መቀነስ ከቻላችሁ ሌላ ነገር ነው። ለአርትዖት 300 ዲፒአይ በጥቁርና ነጭ ይበቃል፤ 60 ሜጋባይት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በቀለም ስካን ስለሚደረግ ነው።

መቅደስ_ት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስካኑ ከደንበኛ የሚመጣ ስለሆነ መቀነስ ሁሌ አይቻልም፣ ማኅተሙ በቀለም መታየት አለበት። ሰርቨሩን ጋሼ ባሉት ምክንያት ትተነዋል። ስለዚህ ሲግናል ይመስላል። የቀሩኝ ሦስት ነገሮች፦ ባለ ቀፎው ሰው እንዴት ይግባ? ስልክ ሲጠፋ የሲግናል መልዕክት በርግጥ ይመለሳል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ቴሌግራም ተዘግቶ ለወራት በቪፒኤን ብቻ እንደሠራን ዓይነት ነገር ቢመጣስ?

ሊኑክስ_ሰፈር

በባክአፑ ልጀምር። ሲግናል ከ2025 ጀምሮ የራሱ የባክአፕ አገልግሎት አለው። ነጻው ጽሑፉን በሙሉና የመጨረሻዎቹን 45 ቀናት ፋይል ይይዛል። በወር 1.99 ዶላር ከተከፈለ እስከ 100 ጊጋባይት ፋይል ያስቀምጣል። ሲበራ 64 ፊደል የሆነ ማገገሚያ ቁልፍ ይሰጣል። ያ ቁልፍ ከጠፋ ባክአፑም ጠፋ፣ ሲግናልም ሊከፍተው አይችልም። ቁልፉን ያው ስልክ ውስጥ ኖት ላይ ማስቀመጥ ትርጉም የለውም፣ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይሄዳል። ነጻውን ከመረጣችሁ ከ45 ቀን በላይ መቆየት ያለበት ሰነድ ከቻቱ ወጥቶ የተመሰጠረ ዲስክ ላይ ይግባ። ለነገሩ ክፍያ ቢኖርም እንዲያ ብታደርጉ ይሻላል፤ ቻት ውስጥ ሰነድ መፈለግ አድካሚ ነው። በአማርኛ ደግሞ የባሰ ነው፤ አንዱ «ሥራ» ሌላው «ስራ» ብሎ ከጻፈ ፍለጋው ሁለቱን አያገናኛቸውም።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የሲግናል ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መለጠፍም አይሠራም። ዳታቤዙ የተመሰጠረ ነው፣ ቁልፉን የያዘው የዚያ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ማከማቻ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለውን ከስልኩ እንደገና በማያያዝ ብቻ ነው የምታመጡት።

ስልክ ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ አካውንት ውስጥ ገብታችሁ የምዝገባ መቆለፊያውን አብሩ። ካልበራ፣ ቁጥሩን በእጁ ያስገባ ማንም ሰው በቁጥሩ ሊመዘገብበት ይችላል። ከበራ ፒኑን ይጠየቃል። መቆለፊያው ግን አካውንቱ ለ7 ቀን ካልተከፈተ ይነሳል። ካርድ የማይሞላበት ትርፍ ሲም ላይ የተመዘገበ ሰው ካለ ቁጥሩ ውሎ አድሮ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል ሲሙን በሕይወት ያቆየው።

ባለ ቀፎው ሰው። ሰው የሚመክረው «የሌላ ሰው ስልክ ተውሰህ ተመዝገብ፣ ላፕቶፑን አያይዝ፣ ስልኩን መልስ» ነው። ይህ ለጊዜው ይሠራል። ባለቤቱ ስልኩ ላይ በራሱ ቁጥር ሲመለስ ግን ዋናው መሣሪያ የለም ማለት ነው፤ ላፕቶፑ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ አንድ ቀን ቢቋረጥ ዳግም የሚያያይዘው የለም።

የሚሻለው ሲግናል ሲኤልአይ ነው፤ ትዕዛዝ እየተጻፈ የሚሠራበት ፕሮግራም ነው። ሲግናል ራሱ ያዘጋጀው አይደለም፣ ግን ኮዱ ክፍት ነውና ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የኖረ ነው። በጃቫ ነው የሚሮጠው፣ የቅርብ የጃቫ ሥሪት ይፈልጋል። ምዝገባው ሲጀመር የሲግናልን የካፕቻ (ሮቦት አለመሆንን የሚፈትን) ገጽ ብሮውዘር ላይ ከፍቶ ፈተናውን ማለፍ ይጠበቅበታል። ሲያልፍ «ሲግናልን ክፈት» የሚል ቁልፍ ይመጣል፤ እሱን መጫን ሳይሆን ሊንኩን ኮፒ አድርጎ የምዝገባ ትዕዛዙ ላይ መለጠፍ ነው። ሊንኩ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያረጅ ትዕዛዙን ቀድሞ ጽፎ ይጠብቅ። ካፕቻውን በቪፒኤን አልፎ ምዝገባውን ያለ ቪፒኤን ከላከ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ኮዱ በኤስኤምኤስ ቀፎው ላይ ይገባል፣ እሱን አስገብቶ ያረጋግጣል፣ ወዲያው ፒን ያበጃል።

ከዚያ ሲግናል ዴስክቶፕን ይከፍትና የሚመጣውን ኪው አር ኮድ ስክሪንሾት ያነሳል። ዜድባር በሚባለው ፕሮግራም ሲያነበው ረጅም ሊንክ ያወጣለታል፤ ያን ሊንክ በሲኤልአዩ «መሣሪያ ጨምር» ትዕዛዝ ውስጥ ሲያስገባው ዴስክቶፑ ይያያዛል። ቀጥሎ የሚረሳው ነገር፦ ሲኤልአዩ አሁን «ዋናው ስልክ» እሱ ስለሆነ መልዕክት የመቀበያ ትዕዛዙ በየቀኑ አንድ ጊዜ በክሮን (ትዕዛዝን በሰዓቱ በሚያስኬደው የሊኑክስ ፕሮግራም) ይሩጥ፣ ፕሮግራሙም ከሦስት ወር በላይ ሳይታደስ አይቆይ። የሲግናል ባክአፕ ለዚህ ሰው አይሠራም፣ ሁሉም ነገር ላፕቶፑ ላይ ነው። የላፕቶፑ ዲስክ ኤልዩኬኤስ በሚባለው የሊኑክስ የዲስክ ምስጠራ ይመስጠር።

አዜብ_ዳታ

የምትሉት ለአንድ ተርጓሚ ብዙ ነው። ኡቡንቱ የሚያውቅ ሰው ካላዋቀረለት ለሱ ያገለገለ አንድሮይድ መግዛት ይቀላል፤ ቤት ዋይፋይ ላይ ተሰክቶ ይቀመጥ፣ ሲሙ ቀፎው ውስጥ እንዳለ ይቆይ። ሲግናል ሲሙን የሚፈልገው ለምዝገባ ኮድ ብቻ ነው።

አንድሮይድ ካነሳን፣ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና ሻዎሚ ላይ «መልዕክት ዘግይቶ ይገባል» የሚለው ቅሬታ ዘጠኝ እጁ ከአፑ አይደለም። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ ያለውን አፕ ይገድለዋል። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ሲግናል፣ ባትሪ ገብታችሁ «ያለ ገደብ» አድርጉት፣ ከዚያ ኦቶ ስታርት የሚለውን ፈልጋችሁ አብሩ። ቴክኖ ላይ ኦቶ ስታርቱ ፎን ማስተር ውስጥ ነው ያለው። ዳታ ሴቨር ከበራም ሲግናልን ከገደቡ ነጻ አድርጉት። ሦስቱም ካልተነኩ አንዱን መንካት ለውጥ አያመጣም።

ጋሽ_ዋየርማን

መዘጋቱን በተመለከተ፦ ኢንተርኔቱ ጨርሶ ሲቋረጥ የትኛውም አፕ አያድንም፣ ይህን ለደንበኛ በውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ይሻላል። አፑ ብቻ ተለይቶ ከታገደ ግን ሲግናል የራሱ ፕሮክሲ (መሐል ሆኖ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) አለው። የሜሪላንዱ ባልደረባችሁ ትንሽ ኪራይ ሰርቨር ይያዝ፣ አንድ ዶሜን ይጠቁምበት፣ 80 እና 443 ወደቦች ባዶ ይሁኑ። ዶከር የሚባለውን ፕሮግራሞችን ማስኬጃ ጭኖ የሲግናልን የፕሮክሲ ኮድ ያወርዳል፣ የሰርተፊኬት ስክሪፕቱን ያስኬዳል፣ ያስነሳዋል። ወደቦቹን ሌላ ድረ ገጽ ከያዛቸው ሰርተፊኬቱ ላይ ይቆማል፣ ስለዚህ ለብቻው የሆነ ሰርቨር ይሁን። የሚወጣውን ሊንክ በስልክ ሲነኩት አፑ ራሱ «ይህን ፕሮክሲ ልጠቀም ወይ» ይላል። ፕሮክሲው ምስጠራውን አይፈታም፣ ዝም ብሎ አስተላላፊ ነው። የሚሠራው ግን በስልክ ነው፤ ዴስክቶፑ ይህን ዓይነት ፕሮክሲ አይቀበልም። ሊንኩን አደባባይ አትለጥፉት፣ ከተለጠፈ የሚያግደውም ሰው ያየዋል።

ዱባይ ላለችው ልጅ ደግሞ፣ ኤምሬትስ ውስጥ ፈቃድ ያላገኙ የኢንተርኔት ጥሪዎች ይታገዳሉ። ጽሑፍና ፋይል ይሄዳል፣ ጥሪው ግን ጮኾ ሊቀር ይችላል። ስብሰባችሁን በድምፅ መልዕክት ወይም በጽሑፍ አስቡት። ቪፒኤን ተጠቀሚ ብላችሁ አትጫኗት፣ እዚያ አገር ሕጉ ጠንካራ ነው።

ፒንግ

እኔም በሲግናል ተስማምቻለሁ፣ ግን ተጠባባቂ ይኑራችሁ። ዴልታ ቻት ላይ ያው 14 ሰው ያለበት ባዶ ግሩፕ ከፍታችሁ አስቀምጡ። ሲግናል የወደቀ ቀን ቢያንስ «ነገ ነው የምንልከው» መባባል ትችላላችሁ። ሁሉም ሰው በወር አንድ ጊዜ ይክፈተው፤ ለ90 ቀን ያልተከፈተ አድራሻ በቻትሜይል ነባሪ ሕግ ይሰረዛል።

የሲግናል ግሩፕ ስትከፍቱ ደግሞ የደህንነት ቁጥር (የምታወሩት ከትክክለኛው ሰው ጋር መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር) ማረጋገጡን አትዝለሉ። በሁለት ሰዎች መካከል 60 አሃዝ ነው፣ በአካል ከተገናኛችሁ ኪው አር ኮዱን መቃኘት ነው፣ ካልሆነ በሌላ መንገድ አንዱ እያነበበ ሌላው ይከታተል። ሰው ስልክ ሲቀይር የደህንነት ቁጥሩ ይቀየራል፣ ቻቱ ውስጥም ማስታወቂያ ይገባል። ማስታወቂያውን ያየ ሰው የደንበኛ ሰነድ ከመላኩ በፊት ደውሎ «ስልክ ቀይረሃል?» ይበል።

መቅደስ_ት

ተስማማን፦ ሲግናል ዋና፣ ዴልታ ተጠባባቂ፣ ለባለ ቀፎው ያገለገለ አንድሮይድ። ቴሌግራም ላይ ያለው የድሮ ሥራስ? ግሩፑን ከመዝጋታችን በፊት ማውጣት ይቻላል?

ሊኑክስ_ሰፈር

ይቻላል፣ ከቴሌግራም ዴስክቶፕ ነው፣ ከስልኩ አይሆንም። ግሩፑን ከፍተሽ ላይኛው ቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኚ፣ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» የሚለውን ምረጪ። የሚነበብ ከሆነ የምትፈልጉት ኤችቲኤምኤል፣ በፕሮግራም የሚሠራበት ከሆነ ጄሰን። «ፋይልስ» የሚለው ሳጥን በነባሪው ምልክት የለበትም፣ እሱን አብሪው። የፋይል መጠን ገደቡም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነውና መጎተቻውን ከ60 ሜጋባይት በላይ ውሰጂው። ይህን ካልነካሽ ኤክስፖርቱ ያለ ምንም ስህተት ያልቃል፣ ትልልቆቹ ፒዲኤፎች ግን ውስጡ የሉም። አዲስ በገባሽበት ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ቴሌግራም ለደህንነት ሲል ሊያስጠብቅሽ ይችላል፤ ስልክሽ ላይ የሚመጣውን ጥያቄ አጽድቂው። ሲያልቅ ፎልደሩን ከፍተሽ ከትልቁ ፒዲኤፍ ሁለት ሦስቱን አይተሽ አረጋግጪ፣ ግሩፑ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።